የቆርቆሮ ምላስ ያላት የዋንዛ አሳ

አማቴ ባቻ ይባላሉ። እዚህ ወለጋ ምራት የአማቷን ስም አትጠራምና፣ በፊታቸው "አባባ" ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከዲጋ ወደ ዴዴሳ ወንዝ እየወረዱ አምባዛ የሚባለውን አሳ ሲያወጡ ኖረው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ነቀምቴ እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። አናጢው ባሌ ጨመዳ ከዘራ ቢሠራላቸው ወረወሩት። "ዕውር ነኝ ብዬ ላውጅ?" አሉ። ክንዳቸውንም አያስይዙም። ወይ ግትርነት! እንደተቀመጡ እንዳይሞቱብን ፈራን።

አንድ ቀን ጨመዳ ስልኩ ላይ ያየውን ተከትሎ ከዋንዛ ፍልጥ የማጥመጃ አሳ ጠረበ፤ ሆዷ ላይ መንጠቆ፣ አፏ ሥር ከዘይት ጣሳ የተቆረጠች የቆርቆሮ ምላስ።

"ደግሞ እንጨት አሳ ሊያታልል!" ብለው ሳቁ። ግን ከእጃቸው አላወጧትም። ምላሷን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ "ይቺስ ለምንድን ናት?" አሉት።

"ሲጎትቷት ውሃው ምላሷን ይጫነውና ትጠልቃለች፣ አባ። ሲተዉአት ትንሳፈፋለች።"

"ውሸታም!"

በማግሥቱ ጠዋት "ውሰዱኝ፣ ልያት" አሉ። ልያት! ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

ዴዴሳ ዳር ቆመው በገመድ አስረው ወረወሯትና ገመዱን በእጃቸው ይሰበስቡ ጀመር። ፊታቸው በራ። በስሜ ጠርተው፣ "ሰማሽ፣ ቀለሟ? ራሷን ትነቀንቃለች! አሁን አሸዋ ነካች… ይሄ ድንጋይ ነው… አለፈችው!" እኔ የማየው ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው።

ድንገት ገመዱ ተወጠረ።

"ግንድ ያዛት! ይጎትቱ፣ አባ!" ብሎ ጮኸ ጨመዳ።

"ሱታ! ቀስ በል። ስትጎትተው ነው የሚብሰው።" ገመዱን ለቀቅ አደረጉላት። ጥቂት ቆይታ የዋንዛዋ አሳ ራሷ ተላቅቃ ብቅ አለች። እልል አልኩ! እንደገና ሲጎትቷት አምባዛ ዋጣት።

ስንመለስ አምባዛውን ለጨመዳ ትተው የዋንዛዋን አሳ ይዳብሱ ነበር።

"ዓይኗ በቀለም የተሳለ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"አታይበትማ። በምላሷ እየነካች ነዋ መንገዷን የምታውቀው።"

ደጃችን ስንደርስ ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ፣ "ተዪኝ" አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ከዋንዛው ተርፎሃል?"

"ሌላ አሳ ልሥራልዎት?"

"ከዘራ" አሉ። "ጫፉን ቆርቆሮ አልብሰው።"