ወባ ያልሆነው ትኩሳት

ወንድሜ ትራክተር ነጂ ነው። ድዱ እየደማ አልቆም ሲለው ከአባቴ ጋር ጎንደር ወሰድነው፤ የደም ካንሰር ነው ተባለ። ደሙ ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሴሎቹ ውስጥ አንድ ለውጥ አለ፤ ከእናት ካባት የወረሰው አይደለም። የሚሰጠው ኪኒን የሚሠራው ያ ለውጥ ላለበት ሰው ብቻ ነው፤ ሳይበስሉ የቀሩትን የደም ሴሎች እንዲበስሉ ያደርጋል። አስታማሚው እኔ ስለሆንሁ ወደ እኔ ዞረች።

"ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካበጠ፣ ከኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ቆላ ናችሁና ወባ ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። በዚያው ቀን አምጡት።"

ራሴን ነቀነቅሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድም።

ኪኒኑን ጀምሮ ወደ ቤታችን ወደ ገንዳ ውሃ በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት አተኮሰው። የሰሊጥ አጨዳ ነበር፤ ግማሹ ሠራተኛ በወባ ተኝቷል።

"ወባ ናት" አለ አባቴ። "መድኃኒቷን ገዝተሽ ነይ።"

ወጣሁ፤ ሳልገዛ ተመለስሁ። ለሐኪሟ ደወልሁ፤ መስመር የለም። ባልዲ አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በበሩ ብቅ ብዬ አየዋለሁ፤ ሲተነፍስ ትከሻው ይነሣል። እንደገና ግቢውን እዞራለሁ። ቀትር ሆነ።

"ወባ አይደለም፣ አባባ" አልሁ። ድምፄ የወጣ ስላልመሰለኝ ደገምሁት። "ወባ አይደለም። ሐኪሟ ስትናገር እርስዎም ነበሩ። ዛሬውኑ ይሂድ።"

ወንድሜ ከአልጋው ላይ ሳቀ፤ ሳል አቋረጠው። "እሰይ! እህትዓለም አፍ አወጣች!"

"አንተ ዝም ብለህ ተነሥ።"

"ሰሊጡስ? ይረግፋል እኮ።"

"ይርገፍ!"

አባቴ አየኝ። ጎንበስ ብሎ የወንድሜን ጫማ አነሣና ሊያጠልቅለት ሞከረ። አልገባም። በአውራ ጣቱ ያበጠውን እግሩን ተጫነው፤ የጣቱ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። ጫማውን ጥሎ መኪና ፍለጋ ሮጠ።

ጎንደር እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉለት፤ እብጠቱን የሚያበርድ መርፌ ወጉት።

"ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?" አለች ሐኪሟ።

አባቴ ወደ እኔ አመለከተ። "እሷን ጠይቂያት፤ ያወቀችው እሷ ናት።"

"ዛሬ ጠዋት" አልሁ።

"ጎበዝ፤ ከኪኒኑ ነው፤ ቶሎ ነው ያመጣችሁት።"

በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ተስተካከለ። አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ እኔ እንዳዳንሁት ያወራል። እኔ ግን እስከ ቀትር እያወቅሁ ዝም ብዬ ግቢ ውስጥ ስዞር መቆየቴን እስካሁን ለማንም አልነገርሁም።