ልጄ በሽማግሌ ፊት ዶሮ የበላች ቀን

ጠዋት ጓሮ እንሰት እየፋቅኩ ነበር። ከቡናው ሥር ቅጠል አንጥፌ፣ አንድ እግሬን ዘርግቼ፣ በቀርከሃ እፍቃለሁ። ውሃው ፊት ላይ ይረጫል፣ እጅ ይሸታል፣ ወገብ ይቆረጣል። የሴት ሥራ ነው ይሉታል። ወንድ እንሰት ሲፍቅ አይቼ አላውቅም፤ ቆጮ አልበላም ያለ ወንድም አይቼ አላውቅም።

ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ሰው ከውስጡ ሲወርድ አያልቅም። ሽማግሌዎች ከኋላ እንደ ድንች ታጭቀው፣ እሱ ደግሞ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ ቂጡ ተቀምጦ። ጭኑ ላይ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ይዟል። እሱ የምልሽ አባትሽን ነው። ምን ታዪኛለሽ? አባትሽ ቢሆንም ጻፊው። ስሙን ግን አትጻፊ፤ በቤቴ ስሙ አይጠራም።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። ልጄ፣ የዚህች የምትጽፍልኝ ልጅ እናት፣ ገና ልጅ ሳለች ከገበያ ስትመለስ ይህ ሰው ጠለፋት። ራቅ ወዳለው አገሩ ወሰዳት። ያኔም ሽማግሌ መጣ፣ ያኔም ዶሮ ታረደ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በላና አፉን ጠርጎ "በቃ ዘመድ ሆነናል" አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እሷንማ ማን ይጠይቃል፣ በሰው ቤት ተዘግቶባት! ስትደበደብ ኖረች። ይህችን ወለደች። አንድ ቀን ልጇን አዝላ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ቤሩት ሄደች፣ ለሰው ቤት ሠራተኛ።

ተመልሳ ስትመጣ ቤታችንን ቆርቆሮ አለበሰችው፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ሰውየው ባል መሆኑ ትዝ ያለው ያን የሰማ ቀን ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ሳልመለስ ስለ ፊሊፒኗ ልናገር፤ እሷ ባትኖር ነገሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። ቤሩት ልጄ በምትሠራበት ፎቅ ላይ የምትሠራ የፊሊፒን ሴት ነበረች። የሚግባቡት በተሰባበረ ዓረብኛ ነው። እሁድ እመቤቶቻቸው ሲወጡ አብረው ይበላሉ። አሁንም ይደዋወላሉ። ፊቷ ስልኩ ላይ ይመጣና "ማማ!" ትለኛለች። ክብ ፊት፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ።

ኮረሪማ ጸሐይ ላይ ስናሰጣ ልጄ የዚያን አገር ወሬ ታወራኛለች።

"እማ፣ እዚያ አገር ሴቶቹ እኛም እንምረጥ ሲሉ ወንዶቹ ምን አሏቸው መሰለሽ? መጀመሪያ እናንተው ወጥታችሁ እንፈልጋለን በሉ፣ ብዛታችሁን እንይ አሏቸው። የፊሊፒኗ ቅድመ አያት ልጇን ይዛ ሄዳ እፈልጋለሁ ብላለች።"

"ወንዶቹንስ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር?"

"ማን ይጠይቃቸዋል!"

አስጠላኝ። የራስሽን እቃ ቁመሽ ለምኚ ማለት እኮ ነው። ልጄ ግን ኮረሪማውን እየበተነች "እነሱስ ተጠየቁ" አለች። "እኔን ማን ጠየቀኝ?" ይህ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ሌላ ቀን ደግሞ የአሮጊቶቹን ነገረችኝ። ድሮ በጦርነት ጊዜ የጃፓን ወታደር የዚያን አገር ልጃገረዶች እየጎተተ ወስዶ ሰፈሩ ውስጥ ዘጋባቸው። የተረፉት አገቡ፣ ወለዱ፣ አረጁ፤ ባል እንዳይሰማ፣ ልጅ እንዳያፍር ዝም አሉ። አያት ከሆኑ በኋላ አንዲቱ "የደረሰባችሁ ውጡና ተናገሩ" ሲባል በሬዲዮ ሰማች። ወጣችና "እኔን አድርገውኛል" አለች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሏት። ፀጉራቸው የነጣ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ እንደኔ ያሉ። አደባባይ ቆመው ጮሁ። ያን ቀን ኮረሪማውን ትቼ ተቀመጥኩ።

ደግሞ እዚያ አገር መፋታት የለም አለችኝ፤ ሕጉ አይፈቅድም። ፊሊፒኗ ራሷ ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ነው ቤሩት የገባችው፤ እስከ ዛሬ በወረቀት የሱ ሚስት ናት። ሴቶቹ ይህን ሕግ አስተካክሉ እያሉ እስካሁን ይጮኻሉ። "እኛ በስንት ጣዕማችን!" አልኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። "እማ፣ እኛ ሕጉ አለን፤ ሽማግሌ መጥቶ ይበላዋል እንጂ።"

ከዚያ አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፊሊፒኗ አሁን ከሴት ጋር ነው የምትኖረው አለችኝ፣ እንደ ባልና ሚስት። ምራቄን ተፋሁ። እሷ ግን ቀጠለች። እንዲህ ያሉትም እዚያ አገር ሰልፍ ይወጣሉ፣ ከሴቶቹ ጋር አብረው ይጮኻሉ፣ ከሥራ አታባርሩን የሚል ሕግ ጠይቀው ምክር ቤቱ ዓመት ከዓመት ያንከባልለዋል አለች።

"በቃሽ! ያችን ፊት ስልክሽ ላይ እንዳላይ።"

ልጄ ተቆጣች። "እማ፣ እመቤቴ ስትመታኝ ተደብቃ በረዶ የያዘችልኝ እሷ ናት። እሷ ማንን ጠለፈች? የማንን ልጅ ጎትታ ወሰደች?"

አልወደድኩትም፤ ዛሬም አይገባኝም። ስልኩን ግን ሁለተኛ አልከለከልኳትም።

ከዚህ ሁሉ ያስታወከኝ ምን መሰለሽ? ዶሮው! በኛ በካፋ ሴት ዶሮ አትበላም። የዛሬ ልጆች ቦንጋ ሆቴል ገብተው ይበላሉ ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ግን ድሮ የበላች ሴት ባሪያ ተደርጋ ትሸጥ ነበር ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እንሠራለን እንጂ አንበላም። ጨው እንኳ አንቀምስም። በእጃችን ልክ ጨምረን እናወጣለን፣ ወንዶቹ ጣታቸውን ይልሳሉ።

ቤሩት ሳሉ ፊሊፒኗ በኮምጣጤ የቀቀለችውን ዶሮ ስታቀርብላት ልጄ "በኛ አገር ሴት ዶሮ አትበላም" አለቻት።

"ማነው የሚበላው?"

"ወንድ።"

"ማነው የሚሠራው?"

"ሴት።"

ፊሊፒኗ በሳቅ ወደቀች። "ታዲያ ዶሮዋ ማን እንደበላት በምን ታውቃለች?"

ልጄ በላች። ይህን ስትነግረኝ ጓሮ ወጥቼ አስታወክሁ። ሴት ከሴት ጋር ትኖራለች ሲባል ምራቅ፣ ልጄ ዶሮ በላች ሲባል ትውከት። እንግዲህ ሆዴ እንዲህ ነው፤ ምን ላድርገው።

ወደዚያ ጠዋት ልመልስሽ። ትልቁ ሽማግሌ ገና ከባጃጁ ሲወርድ "እንደምን አደሩ እትዬ፣ በሰላም ነው የመጣነው" አለ።

"ሰላም ዶሮ ይዞ ይመጣል እንዴ?" አልኩ። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

እሱ፣ አባትሽ፣ ዶሮውን ጓሮ ወሰደና እንሰቴ ላይ አረደው። ደሙን በፋቅኩት ላይ አፈሰሰው፣ ቢላውን በቅጠሌ ጠረገ። ያን ሁሉ ልፋት አበላሽቶ፣ ይቅርታ እንኳ አላለኝም። አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ጃኬቱን እንዳይነካው ግን ክንዱን አርቆ ነው ያረደው።

ልጄን ከሱቋ አስጠሯት። ትልቁ ሽማግሌ "በሷ እጅ ይሠራልን" አለ። "ከእጇ ከበላን ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ወደ ባሏ ትሄዳለች።" ልጄ ዶሮውን ተቀብላ ማድ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

"ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ሽንኩርቱን ላጪልኝ፣ እማ።"

ላጥኩላት። ጨውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በለመደ እጄ። ፊቷን አያለሁ፣ ፊቷ ምንም አይልም።

ሲበሉ ማየት ነበር! አንዱ አጥንት ይመጠምጣል፣ የአንዱ ዘይት በጢሙ ይወርዳል። አፋቸው ሞልቶ ስለ ልጄ ያወራሉ፣ ገበያ ላይ ስለ ላም እንደሚያወሩት።

"ገና ናት እኮ፤ ትወልዳለች።"

"ቆርቆሮውም አዲስ ነው።"

"ያለፈው አለፈ። ወንድ ልጅ በወጣትነቱ ያጠፋል።"

እሱ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። "ቤሩት ጸባይ አስተምሯት ይሆናላ" ብሎ ሳቀ። የጎረጎረውን ምንጣፌ ላይ ተፋው።

"አባቶቼ፣ እስቲ እሷን ጠይቋት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ትፈልግ እንደሆነ። ባሕር ማዶ እንኳ ሴት ትጠየቃለች።"

"እትዬ፣ የባሕር ማዶውን ለባሕር ማዶ ይተዉት" አለ ትልቁ ሽማግሌ። "በእጇ ሠርታ አብልታናለች። ከዚህ በላይ ምን ትበለን?"

ልጄ ውሃ ይዛ ልታስታጥባቸው ቆማ ነበር። ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። መጥታ መሀላቸው ተቀመጠችና እጇን ሳህኑ ውስጥ አስገብታ አንድ ጭን አነሳች። ገመጠች። በቀስታ አላመጠች፣ ዋጠች።

ትልቁ ሽማግሌ የያዘውን አጥንት ጣለ።

"ምን... ምን አደረግሽ?"

"በላሁ።"

"ዶሮ?!"

"ዶሮ ነዋ። ቤሩት እሁድ እሁድ እበላ ነበር።"

አንዱ ሽማግሌ በአፉ የነበረውን እጁ ላይ ተፋው፤ የሚጥልበት አጥቶ ይዞት ቀረ። ሌላው "እጇ ሳህኑ ውስጥ ገብቷል! ከአንድ ሳህን!" እያለ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

እሱ ደነገጠ። "ስትቀልድ ነው፣ አባባ። እኔ አስተዋታለሁ።"

"አንተ ዝም በል!" አለው ትልቁ ሽማግሌ፤ አጎቱ ነው። "ዶሮ የበላች ሴት እናትህ ቤት ልታስገባ? እናትህ ከዚህች እጅ ቆጮ የምትቀበል ይመስልሃል?" ከዚያ ወደኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎት። ይፍረዱ። ይህችን ከቤትዎ ያስወጧት።"

ሳህኑን አየሁ። ልጄ አጥንቱን ይዛ ተቀምጣለች። ያኔ ሲጠልፋትም ብቻዋን ነበረች። እነዚያ የፊሊፒን አሮጊቶች ትዝ አሉኝ። የመጀመሪያዋ ስትወጣ ሌሎቹ ባይከተሏት እኮ አንዲት ያበደች አሮጊት ተብላ ትቀር ነበር። ጎንበስ አልኩና አንድ ቁራጭ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ጣፈጠኝ አልልሽም። ወደ ላይ መጣ፣ መለስኩት። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ መለስኩት። እንባዬ ወረደ። ደግሞ ጨው! ጨው ብቻ! ዕድሜ ልኬን የሠራሁት፣ ጣታቸውን የላሱለት ይህ ነው?

"እኔም በላሁ" አልኩ ሲወርድልኝ። "እኔንም አስወጡኝ እስቲ። ቤቱ የእኔ ነው።"

ወጡ። በኛ ውሃ እጃቸውን አልታጠቡም። ዘይት የነካ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው፣ እንደ ክንፍ ዘርግተው ሄዱ። ባጃጁ ስላልጠበቃቸው በእግራቸው ነው። እሱ በሩ ላይ ዞር ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ልጄን አላየም። አንቺን ከትምህርት ቤት ስትመጪ መንገድ ላይ አገኘሽ፣ ሰላም ሳይልሽ አለፈ። ይህንንም ጻፊ።

ልንገርሽ፣ እስካሁን የሚያቅለሸልሸኝ ዶሮው አይደለም። እነዚያ ሽማግሌዎች ልጄን የደበደበ እጅ ሳህኑ ውስጥ ሲገባ አብረው በሉ። ምንም አላላቸውም፣ ምንም አልሸተታቸውም። የልጄ ጣት ሲነካው ነው የረከሰባቸው። እስቲ ማን ነው የሚያስጸይፈው? ምንጣፉን በሳሙና ሳጥብ ዋልኩ።

ከሰዓት ልጄ ለፊሊፒኗ ደወለች። ሲንጫጩ፣ ሲስቁ፣ ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማሁ። "ማማ!" አለችኝ ያቺ ክብ ፊት። ፀጉሯን አሁንም አልወደድኩትም። እጄን ግን አወዛወዝኩላት።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ባለሱቋ መጣች። ቤተሰቦቿ ከመሀል አገር ለንግድ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ቦንጋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዶሮ ትበላለች። በዓል ሲሆን ከቤቴ የሠራሁትን ዶሮ እልክላታለሁ፣ "እጅዎ ይባረክ" ትለኛለች።

"እትዬ፣ ምን አድርጋችኋቸው ነው? ሽማግሌዎቹ እኔ ሱቅ ሳሙና ገዝተው እጃቸውን ሲፈትጉ ነበር። እዚያ ቤት ሁለተኛ አንደርስም ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጨውንም ጭምር። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"እኔስ በየበዓሉ የሚልኩልኝን በውሃ እያለቀለቅኩ ነበር የምበላው" አለችኝ። "ቀምሰው አያውቁ፣ ምን ልበልዎት? በሉ እንግዲህ፣ ልጅቷም የትም አትሄድ፣ እርስዎም እየቀመሱ ይሥሩ።"