አንዲት «ተ»

ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አውድማ ከገባ በኋላ። ጉዱን ያመጣችው አንዲት ፊደል ናት። ዛሬም ሱቅ በር ላይ ተጽፋ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።

እዚህ ሸዋ ሮቢት አንዲት መምህርት የድሮ መዝገብ ሰብስባ ነበር። በዚያ ክፉ ድርቅ ጊዜ መጠለያ የገባው ሰው ስም የተጻፈበት ነው። ዘመዱ የጠፋበት ሰው መጥቶ እንዲፈልግ፣ በንጹሕ ደብተር በነጻ የሚገለብጥላት ሰው ጠየቀች። እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። ግን የዚያን ጊዜውን የእጅ ጽሑፍ ወጣቶቹ ማንበብ አቃታቸው፤ እኔ አነበብኩት።

ለሰው ብዬ ብቻም አልሄድኩም። ታናሽ ወንድሜን ጥላሁንን እዚያው መጠለያ ትቼው ነው አዋሽ ጥጥ ለቀማ የወረድኩት። ስመለስ የለም። የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰውም አጣሁ።

መምህርቷ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። «ጋሼ ምትኩ፣ ያዩትን ብቻ ይገልብጡ። ከራስዎ እንዳይጨምሩ።»

«ከራሴማ ምን ፊደል አለኝና?» ብያት ሳቀች።

ከብዙ ስም ጎን ጸሐፊው «ተ» ብሎ ጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ከጥላሁንም ስም ጎን አለች። ያኔ ሰው በካሚዮን እየተጫነ ወደ ኢሉባቦር ሰፈራ ይሄድ ነበር፤ ስለዚህ «ተሳፈረ» ማለት ነው አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። አንድ ፊደል ለሰው ምን ይነግረዋል ብዬ፣ «ተ» ባለችበት ሁሉ «ተሳፈረ» ብዬ ሞላሁት።

በሳምንቱ እቴነሽ የምትባል የቀወት ሴት መጣች። ወንድሟ ካሳ በልጅነቱ እዚያ መጠለያ ገብቶ የቀረ ነው። ከደብተሬ አነበብኩላት።

«ተሳፍሯል። ሞተ አይልም።»

እልልታዋን አቀለጠችው። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ኢሉባቦር ድረስ ሄጄ እፈልገዋለሁ አለች። እኔም በልቤ ጥላሁንን ማን ያየው ይሆን እያልኩ ነበር።

የመዝገቡ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር ዘግይተው ደረሱኝ። እዚያ ላይ የጎረቤታችንን የአያ ሙሔን ስም አገኘሁ። ከጎናቸው «ተ» አለች።

አያ ሙሔ የትም አልተሳፈሩም። እዚያው መጠለያ ሞተው፣ አዋሽ ከመውረዴ በፊት መቃብራቸውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ደርቆ ዶማው ይነጥር ነበር።

«ተ» ማለት «ተቀበረ» ነው።

ባጃጅ ይዤ ወደ እቴነሽ መንደር ሄድኩ። ሻንጣ እያሰረች ደረስኩባት። ነገር ሳልጀምር አንድ አዲስ ኮት ዘርግታ አሳየችኝ።

«ቁመቱን ስለማላውቅ ሰፋ ያለውን ገዛሁ፣ ጋሼ። ይሆነው ይሆን?»

የአያ ሙሔን ነገር ነገርኳት። ኮቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ሰውዬውን የቀበሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ተሳፍሯል ያሉኝ ማን ነግሮዎት ነው?»

«ማንም።»

«ማንም?» አለች። ከዚያ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸች። ጎረቤት ለለቅሶ ተሰበሰበ። እኔንም ዘመድ መስዬአቸው «እግዜር ያጽናዎት» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

መምህርቷ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አረምኩት። «ሳፈረ» የሚለውን እየሰረዝኩ «ተ»ዋን ብቻ ተውኩ። «እንግዲህ ከታወቀ ተቀበረ ብለን እንጻፈው እንጂ» ብትለኝ እምቢ አልኩ። ያየሁትን ብቻ ነው የምገለብጠው አልኳት። ግትርነት መሰላት። እኔ የፈራሁት የጥላሁንን መስመር ነው።

ለእቴነሽ ተቀበረ ብዬ በአፌ ነግሬአታለሁ። እሷ አልቅሳ ሐዘኗን ተቀምጣለች። ለራሴ ግን እስካሁን አልነገርኩም። ለቅሶም አልተቀመጥኩለትም።