የአክስቴ አበባና የአያ ደሴ ኑግ

ልጅ ሳለሁ አበባ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር መሆኑን ያየሁት አክስቴ ብርቄ ከቤይሩት በተመለሰችበት መስከረም ነው። መንደራችን ከደብረ ታቦር ወደ ጣራ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው በአደይ፣ አጥሩ በነጭ ቀጋ ይሸፈናል፤ እኛ ግን አበባ የምንቆርጠው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነበር። አክስቴ በየሦስት ቀኑ ማጭድ ይዛ እየወጣች ትቆርጥ ጀመር። አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውሃ ትሞላና ረጃጅሙን አደይ ከኋላ፣ ቀጋውን ከፊት፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለውን የማገጥ ሣር ከሥር አድርጋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ምነው እቴ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልናል?» አለቻት እናቴ፤ ታላቅ እህቷ ናት።

«ያምራላ፣ እታለም» ብላ መለሰች፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም።

ያኔ፣ ማታ ማታ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድና ጭሱ ሲቀልል፣ በፀሐይ የምትሞላውን ትንሽ መብራት አጠገቧ አድርጋ፣ የጠወለገውን ከደህናው እየለየች ተረት ትነግረኝ ነበር። ተረቱ ሁልጊዜ ስለ አንድ ቤት ነው። ሰባት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ የመስተዋት የአበባ ማስቀመጫ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰው እቅፍ ሙሉ አበባ ይዞ ይመጣል። የትኛው ክፍል የትኛውን ቀለም እንደሚወድ፣ የቤቱ እመቤት፣ አሮጊቷ፣ ውሃ እንዲጠጣ ዘንጉን ሰያፍ መቁረጥ እንዴት እንዳስተማሯት ትነግረኛለች። እኔ የንጉሥ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ አደዩ አለቀ። ጀሪካኑ ባዶውን ቀረ፤ አክስቴም ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አበባ ከሌለ ተረት የለም ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የጎረቤታችን የአያ ደሴ ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ገብቼ ክንዴ የቻለውን ያህል ገነጣጥዬ ወሰድኩ።

ገና ጀሪካኑ ውስጥ ከትቼ ሳልጨርስ አያ ደሴ መንገድ ላይ የረገፈውን አበባ እየተከተሉ ደጃችን ደረሱ። ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ ያን ዕለት ግን ከደጅ ሆነው ጮኹ።

«የዓመት ዘይቴን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?»

አክስቴ ጀሪካኑን አየች፤ እኔን አየች። «እኔ ነኝ፣ አያ ደሴ። ይቅር ይበሉኝ።»

አበባውን አይተው ወደ ማሳቸው ተመለሱ። አክስቴ ለምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ፤ ስለ ተረቱ ብዬ መሆኑን ነገርኳት። አልተቆጣችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «ያ ቤት እኮ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኝ ነበር» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ደጅ አልወጣሁም። አበባው ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ከውጭ የመጣ ነገር የምነካው ያኔ ነው፤ ሌላ የለኝም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ አያ ደሴ ቤት ሄድኩ።

«አክስቴ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «እሷ የምትቆርጠው በማጭድ ነው፤ የእኔ ማሳ ግን ፍየል የገባበት ይመስላል። ምን ሆነሽ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የተቆለፈውን በር ጭምር። «ለአጨዳው አንቺም እሷም ትመጣላችሁ» አሉኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሄድን፤ እናቴም አብራን መጣች። ጎን ለጎን ሆነን ስናጭድ አያ ደሴ፣ «ብርቄ፣ እስቲ ስለዚያ አገር አጫውቺን» አሏት። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንደነገርኩባት ገባት። ፊቴን ወደ መሬት ደፋሁ። እሷ ግን ክፍሎቹንና አበባውን ትታ ከበሩ ጀመረች። እናቴ ማጭዷን ጥላ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሏችሁ ተቀበላችሁኝ፤ እንዴት ብዬ ላበላሽባችሁ?»

አያ ደሴ ሥራ ቀጥሉ አላሉም። ያ ረድፍ ሳይታጨድ መሸ።

ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን በሚመዘግብ ቢሮ እሠራለሁ። ብዙዎቹ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የሠሩበት ቤት እንዴት ያምር እንደነበር ነው። ቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር አይደለም፤ ውጭም ሰልፍ አለ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እሰማለሁ፤ ቀሪውን ለመናገር እስኪደርሱ ድረስ አላቋርጣቸውም።