ሁለት ጊዜ የተጻፈው መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «ኮድ ምን እንደሆነ የት ያውቁታል» ብዬ አልፌዋለሁ። ሰበብ መቼ አጥቼ አውቃለሁ?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በአንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። የቆላው ሙቀት ኮምፒውተሮቻችንን ሲፈጅብን፣ በኮንትራት የተቀጠረው የኦቾሎ መንደሩ ሰው ማቴዎስ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አንድ ክፍል አሻሻለ፤ ማሽኑ ሲግል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቀንሰውን፣ ሲቀዘቅዝ የሚጨምረውን ኮድ። የእኔ ሥራ አጻጻፉን ማረም ብቻ ነበር፤ ክፍተቱን፣ ስያሜውን፣ የመስመሩን ርዝመት። በዚህ ቀልድ አላውቅም። ተማሪዎቼ በሐሜት «መጥረጊያው» ይሉኝ ነበር።

የማቴዎስ ኮድ ፍጥነቱን ከመጨመሩ በፊት ሙቀቱን ያነባል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቃል በቃል በተደገመ ሌላ መስመር እንደገና ያነባል። ድግግሞሽ! ዓይኔን ወጋኝ። ለምን አልጠየቅሁትም? ቢሮው ከእኔ ቀጥሎ ነበር። እኔ ነኝ ሁለተኛውን መስመር ያጠፋሁት። እኔው ሳልነግረው የተማሪዎቹ ሥራ ወደሚቀመጥበት ዋናው ማሽን አሳለፍኩት።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዋናው ማሽን ጋለና ተቃጠለ። የተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራም አብሮ ጠፋ። በስብሰባው ላይ ምክንያቱን ያስረዳን ራሱ ማቴዎስ ነው፤ መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ንባብ ይዋሻል፣ ማሽኑ ግሎ ሳለ ቀዝቅዟል ይላል፣ ስለዚህ ሁለቴ መነበብ አለበት። ከዚያ ኮዱን ከፍቶ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«የጻፍኩት መስሎኝ ነበር… ለካ ረስቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔም ከሌሎቹ ጋር ከስብሰባው ወጣሁ። ኮንትራቱ አልታደሰለትም።

ከዓመታት በኋላ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲያስጭን አገኘሁት። ኮምፒውተር ትቷል፤ ራሱን አላምን ብሎ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ ያኔ አሳፈርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እኔስ ምን አልኩ? «እግዜር ይቅር ይበልህ» አልኩት። እኔ! ይቅር ባይ ሆንኩ! ደስ ብሎት ሙዝ አስያዘኝ፤ ተቀብዬ ሄድኩ። ቤቴም ገብቼ በላሁት።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ኩልፎ ዳር ነው፤ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።