ሐበሻ የሌለበት መንደር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከእህል ገበያው ጀርባ ወደነበረው የወፍጮ ጥገና ቤት የገባሁ ለት ኡስታ ኢድሪስ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ መውቀሪያ አስጨበጠኝ። ኡስታ የሚባለው ሙያውን ጨርሶ ሌላ ሰው ማዘዝ የጀመረ ሰው ነው። የተጋደመ የወፍጮ ድንጋይ አሳየኝና «ጥርሱ አልቋል፣ አውጣለት» አለኝ። እኔ ከመተማ የመጣሁ የሰሊጥ አጫጅ ነበርሁ፤ ድንጋይ ጥርስ እንዳለውም አላውቅም። እስከ ምሳ ስወቅር ፍንጣሪው ዓይኔን አቀላው። ኡስታ በመዳፉ ዳበሰውና «ይኸ እህል አይፈጭም፣ እህል ይስቅበታል» ብሎ እንደገና አስጀመረኝ።

ቺንጊያ መቀየር፣ ኩሽኔታ ማውጣት፣ ሞተር በማኑዌላ ማስነሳት ቶሎ ይለመዳል። ሁለቱን ድንጋዮች ሳይነካኩም ሳይራራቁም አድርጎ መግጠም ግን ዓመታት ይፈልጋል። እኔም ኡስታ እስክባል ድረስ ስንት ድንጋይ እንዳበላሸሁ አልናገርም።

ሥራው ያለው ገጠር ነው። ወፍጮ ተበላሸ ሲባል በጭነት መኪና ላይ ወጥተን እንሄዳለን። ድንጋዩን ስንከፍት ኡስታ ካስነጠሰው ወደኔ ዞሮ «እዚህ መንደር ወገኖችህ አሉ» ይለኝ ነበር። ሱዳኑ ሚጥሚጣውን በሙቀጫ ይወቅጣል እንጅ በርበሬ በማዳበሪያ ሞልቶ ወፍጮ ቤት አያመጣም። በርበሬ ደግሞ አንዴ ከድንጋዩ ጥርስ ከገባ ማሽላ ቢፈጩበትም ሽታው አይለቅም።

እንዲህ እያስነጠሰን አገሩን አዳረስነው። በገላባት መንገድ ግራና ቀኝ የሐበሻ ዘሮች አሉ። በቁረይሻ እርሻዎች መካከል አሉ። ወንዙን ይዘው እስከ ወድ ኤል ሒለው ድረስ አሉ። ገዳሪፍ ከተማውስ ቢሆን የነሱ ዘር የሌለበት ሰፈር አለ? አንዳንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው፤ የአንዳንዱ ቅድመ አያት ግመል እየነዳ የመጣ ነጋዴ ነው። የልጅ ልጆቹ አማርኛውን ረስተዋል፤ በርበሬውን ግን አልረሱም።

«አያትህ ከየት ናቸው?» ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ «ከሂጃዝ»፣ ከመካ አገር። የአጎቴን አፍንጫ የተሸከመ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ከሂጃዝ ነኝ ይለኛል። ሂጃዝ ይኸን ሁሉ ሰው ወደ ገዳሪፍ ከላከች እዚያ ማን ቀረ ብየ አስባለሁ።

ከሁሉም የባሰው ሐጅ በኪር ነበር። በቁረይሻ በኩል ባለ መንደር ወፍጮውም፣ ትራክተሩም፣ የማሽላ መሬቱም የሱ ነው። አጫጆቹ ሁሉ ከጎንደር ቆላ የሚመጡ ናቸው። በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «አንተ ሐበሻ» ነው የሚላቸው፣ ውሻ እንደሚያባርር ሰው።

አንድ በጋ ከዋና ከተማ ሁለት አጥኚዎች መጡ። የሐበሻ ዘር ያለው ሰው በግዛቱ ውስጥ የት የት እንደሚኖር በካርታ ሊያሳዩ ነው ተባለ። ሐጅ በኪር በግ አርዶ ዳስ ሥር አስቀመጣቸው። እኔ ከጎናቸው ወፍጮውን ከፍቼ እንባየ እስኪወርድ አስነጥሳለሁ።

«እዚህ መንደር ሐበሻ የሚባል የለም» አላቸው ሐጅ በኪር።

አንደኛው ወደኔ ዞሮ «ምነው፣ ታመሃል?» አለኝ።

«በርበሬ ነው» አልሁት።

«አቧራ ነው» አለ ሐጅ በኪር።

ሰውየው አቧራውን መረጠ። የመንደሩን ቦታ ካርታው ላይ ባዶ አድርገው፣ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ። ሰው የበላውን በግ ከሚያስቀይም እውነትን ማስቀየም ይቀለዋል።

በተከታዩ ክረምት ኩሽኔታ ተሰብሮ ወደዚያው መንደር ተጠራሁ። ዋልካው መኪና አያስገባም፤ በእግሬ ነው የደረስሁት። ከሰዓት በኋላ ለአረም የመጡት አጫጆች አንዲት ሴት በጠፍር አልጋ ተሸክመው መጡ። ስንዱ ትባላለች፤ ምጥ ይዟት ልጁ አልወጣ ብሏል። ባሏ በተሰባበረ ዐረብኛ ሐጅ በኪርን ይለምናል፤ በዚያ ጭቃ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት የሚችለው ትራክተሩ ብቻ ነው።

«ትራክተሬ የሐበሻ ቃሬዛ አይደለም» አለው። «አገሯ ሄዳ ትውለድ።»

«ሐጅ፣ ሴትየዋ ትሞታለች» አልሁት።

«አንተ ወፍጮህን ሥራ።»

መፍቻውን አስቀምጨ ቆምሁ። ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ ቁልፉ ያለው ከኪሱ ነው።

የሐጅ በኪር እናት በዚህ መካከል ከቤት ወጡ። መንደሩ ሐቦባ ዘይነብ ይላቸዋል፤ ሐቦባ አያት ማለት ነው። ስንት ዓመት ስመላለስ ከዐረብኛ በቀር ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ አልጋው ቀረቡና የስንዱን ግንባር ዳበሱ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ በአማርኛ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ።»

የጭልጋ አማርኛ ነው፤ ትናንት ከዚያ የመጡ ይመስል። ደጃፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቀረብ ቀረብ አለ። ሐጅ በኪር «እናቴ፣ ምንድን ነው የምትይው?» አላቸው በዐረብኛ። እሳቸው ዐረብኛውን ትተው ወደኔ ዞሩ።

«አንተ የወፍጮው፣ ተርጉምለት። እናቴ እኔን የወለደችኝ ወደዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ነው። የደረሰላት አልነበረም። እኔን ወልዳ እዚያው ቀረች በለው። ጮክ በል፤ ጎረቤቱም ይስማ።»

ተረጎምሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም። ሐጅ በኪር መሬት መሬት ያያል። አሮጊቷ በሰው ተደግፈው ትራክተሩ ከሚጎትተው ጋሪ ላይ ወጡና ተቀመጡ። «ካልሄደ እኔም ከዚህ አልወርድም» አሉ። ይኸንም ተረጎምሁ። ቁልፉን ከጭቃው ላይ ወረወረው፤ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

እኔም አብሬ ሄድሁ። ጋሪው በሰመጠ ቁጥር እየወረድን እንገፋለን፤ እሳቸው የስንዱን እጅ እንደያዙ ናቸው። ጤና ጣቢያው ደረስን፤ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናቲቱም ተረፈች። ባሏ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ከለከሉት።

«እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አላቸው።

«ዘነበች ነበርሁ፤ ስሙንም አማርኛውንም የሰጠኝ አባቴ ነው» አሉት። ልጅቱ ዘነበች ተባለች።

አሮጊቷ ዓመቱ ሳይሞላ አረፉ። ለቅሶ ደረስሁ። ሐጅ በኪር ለቀስተኛውን እየተቀበለ «ያን ለት ትኩሳት ነበራት፤ ምን እንደተናገረች ራሷም አታውቅም» ይላል። ለቀስተኛውም ራሱን ይነቀንቃል። ገዳሪፍ ውስጥ ሰው ወባ ሲይዘው የጭልጋ አማርኛ ይናገራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያን ወፍጮ ሌላ ሰው ይጠግነው ብየ ተውሁት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከካርቱም የሸሸው ሰው ገዳሪፍን ሞላት፤ ቀጥሎም ገዳሪፍ ትነካለች የሚል ወሬ ተነሣ። ከሂጃዝ የመጡት ሁሉ በአንድ ሳምንት ጎንደሬ ሆኑ። አንዱ አያቱ ደምቢያ ናቸው፤ ሌላው ቋራ አጎት አለው። አማርኛ አስተምረኝ የሚል ሰው ሥራ አላሠራኝ አለ።

ሐጅ በኪርም መጣ። ከጥገና ቤቴ በር ላይ ቆሞ «ወንድሜ» አለኝ። መንደሩ ሳለሁ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

«መተማ ልሻገር ነው። እናቴ የጭልጋ ሰው እንደነበረች ታውቃለህ። ዘመዶቿን የሚያውቅ ሰው አገናኘኝ።»

«ትኩሳቱ ለቀቃት እንዴ?» አልሁት።

ሚስቱና ልጆቹ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ያዩናል። ባዶ እጁን ልሸኘው አልሁና የአሮጊቷ እጅ ከስንዱ ግንባር ላይ ታየኝ። መተማ ላለ ወንድሜ ደወልሁ። «ጭልጋ ሰው አፈላልግለት፤ የዘነበች ልጅ ነው» አልሁት። ሐጅ በኪር ስማቸውን ሲሰማ የማን እንደሆነ አላወቀም። የእናቱ ስም መሆኑን እኔ ነገርሁት።

ተሻገረ። ዘመዶቹም ተገኙና አስጠጉት። ወንድሜ እንደነገረኝ እዚያም «እኛ ጎንደሬዎች» እያለ የሱዳን ስደተኞችን ያንቋሽሻል።

እኔ አሁንም ገዳሪፍ ነኝ፤ ወፍጮ መሥራት አልተውሁም። ወደ ሙያው የምትገቡ ብዙ ደጅ ትረግጣላችሁ፣ ብዙ ሰውም ዘሩን ይነግራችኋል። ሰው ሲጠቅመው የተናገረውን አትመኑ፤ እየጎዳው የተናገረውን እመኑ።