አየር የሚጨርስ አዎታ

ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚያከራዩት ሰዎች ሴት የውሃ ጠባቂ ሊቀጥሩ ነው የሚለው ወሬ ሲደርሳት ተሾመች ልብስ እያጠበች ነበር። ሳትጨምቀው ተነሣች።

ከጅቡቲ ከተመለሰች አምስተኛ ወሯ ነው። ይህን ሥራ ካላገኘች የቀራት አምባሰል ተራራ ላይ ወጥታ ወንድሟ ቤት መጠጋት ብቻ ነው። ወንድሟ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሚስቱ ናት። ባለፈው ልትጠይቃቸው ሄዳ ገና መቀመጫ ሳትይዝ፣ «መቼ ነው የምትወርጂው?» ብላታለች።

ሴት ጠባቂ ያስፈለገው በሙሽሮች ምክንያት ነው። ሰርገኛ ሁሉ አሁን አሁን ፎቶ የሚነሣው ጀልባ ላይ ሆኗል። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንዲት ሙሽራ ከነቬሎዋ ውሃ ውስጥ ወድቃ፣ ወንዶቹ «በየት በኩል እንያዛት?» እየተባባሉ ሲከራከሩ ብዙ ውሃ ጠጥታለች። በመጨረሻ ራሷ ጀልባውን ይዛ ወጣች፤ ወጥታም ሰደበቻቸው።

መራጮቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ሽታው ይባላል፤ የተነገረውን ሁሉ ደብተር ላይ የሚጽፍ፣ ዋና ግን የማይችል ሰው ነው። ጋሽ ወንዱ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሦስተኛዋ ዳር ላይ ዓሣ የምትጠብሰው ፈሂማ ናት፤ ምላሷን ከሽታው ጀምሮ ሁሉም ይፈራዋል። ተሾመችን ዓሣ መሸጫው ዳስ ሥር አስቀምጠው ጠየቋት።

«ዋና የት ተማርሽ?» አለ ሽታው።

«እዚሁ። ልጅ ሆኜ የእናቴን ጋቢ ሳጥብ ውሃው ወሰደብኝ። ያለ ጋቢው ቤት ከምገባ ብሰጥም ይሻለኛል ብዬ ተከተልሁት።»

«እናቷን አውቃቸው ነበር» አሉ ጋሽ ወንዱ። «እውነቷን ነው።»

«ጅቡቲስ?»

«ፈረንጆችን ባሕር ውስጥ የምታስጎበኝ ጀልባ ላይ ምግብ አበስል ነበር። ኋላ ከሴቶቹ ጋር የምትጠልቅ ሴት ሲያስፈልጋቸው እኔኑ ሊያስተምሩ ጀመሩ።»

«እሱን ሰምተናል» አለች ፈሂማ። «የተባረርሽበትን ነው ያልሰማን። ሰርቃ ነው የሚል አለ፤ ሰው አስጥማ ነው የሚል አለ። እስቲ ካፍሽ እንስማው።»

ተሾመች መሬት መሬቱን አየች። አምስት ወር ሙሉ ዝም ያለችው እውነቱ ከውሸቱ ይልቅ ውሸት ስለሚመስል ነው። አሁን ግን የወንድሟ ሚስት ፊት ድቅን አለባት።

«አየር ስለጨረስሁ ነው» አለች።

ሽታው መጻፉን አቆመ። «አየር ደግሞ ያልቃል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጀልባዋ የምትቆመው ተራራ ከነፋስ የጋረደው ጸጥ ያለ ዳርቻ ላይ ነው። ከውሃው ሥር መሬቱ እንደ አምባሰል እርከን ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በእርከኑ ላይ ግን ጤፍም ማሽላም አይደለም የበቀለው፤ ኮራል የሚሉት ነገር ነው። ቁልቋል የመሰለ አለ፣ የተገለበጠ ሞሰብ የመሰለ አለ። በየመሐሉ እንደ ገበያ ቀን ሰው ዓሣው ይተራመሳል፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ። ተሾመች ጀርባዋ ላይ አየር የታመቀበት ብረት አዝላ፣ ወገቧ ላይ ወደ ታች የሚያወርዳት የእርሳስ ክብደት ታጥቃ፣ አፏ ውስጥ የጎማ መተንፈሻ ነክሳ ያን ሁሉ አየች። አልፈራችም። እንዲያውም በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አግኝታ አታውቅም፤ እዚያ ሥር ሽንኩርት ላጪ የሚላት የለም።

ጉዱ ከአስተማሪዋ ጋር ነው። ሮብሌ የሚባል የጅቡቲ ሰው ነው፤ በየደቂቃው ዞር ብሎ በጣቱ ክብ እየሠራ «ደኅና ነሽ?» ይላታል። መልሱ ያንኑ ክብ መሥራት ነው። ተሾመችም ትሠራለች። ግን ሰው ደኅና ነሽ ወይ ሲላት በጣት ብቻ መመለስ ግልምጫ መሰላት። ስለዚህ እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» ትጨምርበታለች። ሳንባዋ በሞላ ቁጥር ደግሞ እንደ ፊኛ ወደ ላይ ትነሣለች። ሮብሌ እግሯን ይዞ ይጎትታትና «ደኅና ነሽ?» ይላል። እሷም «አዎ» ብላ ትነሣለች።

ሌላው ሰው ሃምሳ ደቂቃ የሚቆይበትን አየር ተሾመች በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። ሁለተኛም ሞከረች፤ ያው ነው። በሦስተኛው እንኳን ችላ ነበር፤ ከንፈሯን አጥብቃ ግማሹን ቁልቁለት ወረደች። ድንገት ምጣድ የሚያህል የባሕር ኤሊ ፊቷ ሲያልፍ ሮብሌ «አየሽው?» ብሎ ዓይኑን ጠቆመ። ይህን ያህል ኤሊ አይቶ አንዴ ብቻ አዎ ማለት እንዴት ይቻላል? ደጋገመችው።

ጀልባው ላይ ሲወጡ ሮብሌ ሲሊንደሩን አንኳኳና በተሰባበረ አማርኛው፣ «አንቺ ጥሩ ሰው። ግን አየር በጣም በላ» አላት። ወደ ምድጃዋ ብትመለስ ሌላ ምግብ አብሳይ ተቀጥሯል።

ይህን ሁሉ ዳሱ ውስጥ ነገረቻቸው። መጀመሪያ የሳቀችው ፈሂማ ናት።

«ስንት አገር ዞሬ ስንት ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ወላሂ!»

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ሽታው።

«አትጻፍ። ጀልባ አምጣ፤ ዋናዋን እንያት።»

ሁለት ሰው ቁመት ወዳለው ውሃ ቀዘፉ። ፈሂማ በስሜት ተነሥታ የዓሣ መጥበሻ ጭልፋዋን ወረወረችው። ጠልቆ ሲጠፋ ነው ሌላ ጭልፋ እንደሌላት ትዝ ያላት።

ተሾመች ከነልብሷ ገባች። ከታች ኮራል የለም፤ ጭቃ ነው፣ ሣር ነው፣ የገላመጣት አንድ አምባዛ ዓሣ ነው። ግን የሚጠይቃት ሰው የለም። ሳትቸኩል ጭቃውን ዳበሰች።

ከላይ ሽታው ይቆጥራል። «ሠላሳ... ሠላሳ አንድ...»

«ወይኔ! ወይኔ!» አለች ፈሂማ።

«ለልጅቱ ነው ለጭልፋው?» አሉ ጋሽ ወንዱ።

«ለሁለቱም!»

ስድሳ ሊሞላ ሲል ተሾመች ጭልፋውን ይዛ ብቅ አለች። ውሃው ገና አገጯ ላይ ነው። ሽታው ከጀልባው ጎንበስ ብሎ፣ «አገኘሽው?» አላት።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ከአዎታው ጋር የሐይቁ ውሃ ገባ። ሳል ሲያጣድፋት ጭልፋው ከእጇ አመለጠና ተመልሶ ሰመጠ። ጋሽ ወንዱ በአንገትጌዋ ይዘው ጀልባው ጠርዝ ላይ ሰቀሏት።

ፈሂማ አፏን ይዛ ቆይታ ጮኸች። «ሐቋን ነው! ለካ ሐቋን ነው! በዚህ ነው ያባረሯት!»

«ጠባቂዋን ማን ይጠብቃታል ታዲያ?» አለ ሽታው።

«አፍህን የምትይዝ ከሆነ ጠባቂ አያስፈልጋትም። ውሃ የገባች ሙሽራ እንደሆነች ምንም አትጠይቃትም፤ ስድብ ብቻ ነው የምታወርድባት።»

ተሾመች ሳሏ ሲበርድላት ተመልሳ ጠለቀች። ስትወጣ ሦስቱም አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ያዩአታል። ጭልፋውን ጀልባው ውስጥ እስክትጥል፣ ከዚያም ዳር ወጥተው ድንጋይ ላይ እስክትቀመጥ አንድም ቃል የተነፈሰ የለም። ሽታው ብቻ ደብተሩን ገልጦ ጻፈ፤ ጋሽ ወንዱ አንብብልን ቢሉት ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ሠራተኛዋ ውሃ ውስጥ ባለችበት ጊዜ ምንም ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ሊጠይቃት ፈልጎ ፈራ።

«ጠይቃት እንጂ» አለች ፈሂማ ጭልፋዋን በቀሚሷ እየጠረገች። «ደረቅ ላይ ናት።»

«ሥራው ከነገ ይጀምራል። ትስማሚያለሽ?»

ተሾመች ቀና አለች። እዚህ አየር የሚቆጥርባት የለም፣ ከፊቷ የተዘረጋው አየር ሁሉ የማንም አይደለም። ደረቷ እስኪሞላ ሳበችው።